ያላለቀችው አዋላጅ

እኔ በሕይወቴ ስድስት ጊዜ ድኛለሁ። ስድስቱንም ጊዜ የዳንኩት አደባባይ ላይ፣ በሕዝብ ፊት፣ በጭብጨባ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ በከተማችን አሥራ ሦስት ጊዜ የዳኑ ሰዎች አሉ። የምለው የአዋላጇን የዘርፈሽዋልን ነገር ስተርክ "አንተ ደግሞ ምን አግብቶህ?" የሚለኝ ሰው እንዳይኖር ነው። በመዳን ቢሮ ስም ጠሪ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አብዛኛው ነገር የሆነው ዓይኔ እያየ ነው፤ ያላየሁትን እሷው ራሷ አጫውታኛለች፤ እሷ ደግሞ ስታወራ ጨምራ አታውቅም።

ከተማችንን ለማያውቅ ሰው አንዳንድ ነገር ማስረዳት ይኖርብኛል። እኛ ዘንድ ቅርፊት የምንለው የቆዳ በሽታ አለ። ክርን ላይ፣ ጉልበት ላይ፣ ራስ ላይ፣ አንዳንዱ ሰው ደግሞ መዳፉ ላይ ይወጣበታል። ቆዳው ይቀላል፣ ይወፍራል፣ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፣ ያሳክካል፣ ሲብስም ተሰንጥቆ ይደማል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አይገድልም፤ ግን አይለቅም። መድኃኒት አለው፤ በየቀኑ አንድ ክኒን ከቅባት ጋር። መድኃኒቱን የወሰደ ሰው በሁለት በሦስት ወር ቆዳው ጥርት ይላል። ያቆመ ሰው ደግሞ በሁለት በሦስት ወር ይመለስበታል። ይህን የማያውቅ አልነበረም። ይህን የሚናገርም አልነበረም።

በከተማችን ሕግ ማንኛውም በሽታ በአራት ወር ውስጥ ማለቅ አለበት። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ምን አስበው እንደነበር አይታወቅም፤ ሁሉም ሞተዋል፤ አብዛኞቹም የሞቱት ከአራት ወር በላይ ታመው ነው። ሕጉን የሚያስፈጽመው የመዳን ቢሮ ሲሆን የቢሮው አለቃ ሊቀ ፍጻሜ ይባላሉ። በዚያን ዘመን ሊቀ ፍጻሜው አቶ አያልቅበት ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ቢሮው ታማሚውን መዝግቦ የአራት ወር መድኃኒት ይሰጠዋል። አራቱ ወር ሲሞላ ታማሚው አደባባዩ መሐል ካለው መድረክ ላይ ይወጣል፣ እጅጌውን ይሰበስባል፣ እኔ ስሙን እጠራለሁ፣ እሱ "ድኛለሁ!" ይላል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ሊቀ ፍጻሜው ነጭ መቀነት ያስታጥቁታል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መድኃኒቱን መንካት ክልክል ነው። የዳነ ሰው መድኃኒት ከወሰደ ሊቀ ፍጻሜውን ውሸታም ብሎ መስደቡ ነዋ።

የተመለሰበት ሰውስ? ለእሱም መላ አለ። በቢሮው የጓሮ በር ይገባና በሌላ ስም አዲስ ታማሚ ተብሎ ይመዘገባል። እኔ ለምሳሌ በመዝገቡ ላይ ስድስት ሰው ነኝ። በዚህ አኳኋን ከከተማው ነዋሪ ይልቅ ከቅርፊት የዳነው ሰው ቁጥር በልጦ ነበር። ሌሎች ከተሞች ምስጢሩን እንድንነግራቸው መልእክተኛ ይልኩብን ነበር፤ እኛም ደስ ብሎን እንነግራቸዋለን።

ዘርፈሽዋል ሥራውን ከአክስቷ የተማረች አዋላጅ ናት። አጥንቷ ጠንካራ፣ ሳቋ ከሦስተኛው ቤት የሚሰማ፣ ቁጭ በይ ሲሏት የማትወድ ሴት። ቅርፊቱ የወጣባት በሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ያውም መዳፏ ላይ። በእኛ ወግ አዋላጅ ምጥ የተያዘች ሴት ቤት ስትደርስ ደጃፍ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ዘርግታ ለቤቱ ሰው ታሳያለች። የቆሰለ ወይም የተሰነጠቀ እጅ ወደ ውስጥ አይገባም። በዚህ ወግ የሚስቅ ሰው ካለ ተሳስቷል፤ ከወጎቻችን ሁሉ ትርጉም ያለው እሱ ነው። ለዘርፈሽዋል ግን ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር፦ እጇ ሲጠራ አዋላጅ፣ እጇ ሲሰነጠቅ ምንም።

መጀመሪያ መድኃኒት ቤት የሄደች ቀን ታማሚዎቹ ከሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የሰዎቹን ወሬ ስታዳምጥ ዋለች። አንድ አንጥረኛ፣ "ቆዳዬ ከጠራ በኋላ ለምን እውጣለሁ? የጠገበ ሰው ይበላል እንዴ?" ይላል። የሠርግ ዘፋኟ ደግሞ ክኒኗን የምትወስደው ሠርግ ሲቃረብ ነው፤ በሠርጉ ሳምንት ሁለት ሁለት፣ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ዜሮ። አንድ ሽማግሌ ጨርቅ ሻጭ ጠርሙሱን እንደ እባብ አርቀው ይዘው፣ "እኔ ከቅርፊቱ ይልቅ የምፈራው ይህን ነው። ቅርፊቱን አየዋለሁ። ይህ ግን ሆዴ ገብቶ የሚሠራውን ማን ያይልኛል?" አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከሁሉም ያስገረማት ግን ክኒኑን አንድም ቀን ሳያጓድሉ የሚወስዱት መምህር ናቸው። ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚውጡት፤ የሚሰርቁ ይመስላሉ።

ሐኪሙ ስመኘው ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሁልጊዜ በሩን አየት እያደረጉ የሚናገሩ ሰው። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ "ሁልጊዜ"፣ "ዘላቂ" እና "ዕድሜ ልክ" የሚሉትን ቃላት መናገር በሕግ ተከልክሎባቸው ነበር።

"እስከ መቼ ነው የምወስደው?" አለቻቸው ዘርፈሽዋል።

"እስከ ነገ።"

"ነገስ?"

"ነገ መጥተው ይጠይቁኝ።"

እንደ ቀልድ ቆጥራው ሳቀች። ሐኪሙ አልሳቁም።

አራት ወር ወሰደች፤ እጇ ጠራ፤ ስሟን ጠራሁ፤ ዳነች። በሦስተኛው ወር ተመለሰባት። በጓሮ በር ገብታ በሌላ ስም ተመዘገበች፤ ዳነች። እንዲህ እያለች ሦስት ጊዜ ዳነች። በየመሐሉ ወራት ቤቷ ተቀምጣ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ሴቶች ሌላ አዋላጅ ፍለጋ ሲንከራተቱ በመስኮት ታያለች። በከተማው ከእሷ ሌላ የነበሩት ሁለት ናቸው፤ አንዷ ዓይኗ ደክሟል፤ ሌላዋ ሰፈሯ ሩቅ ነው።

ያን ጊዜ መድኃኒቱን አትወደውም ነበር። "ሰው አይስማ እንጂ፣ ሕጉ ሲያስቆመኝ ደስ ይለኝ ነበር" አለችኝ በኋላ። "ቆዳዬ ጥርት ካለ በኋላ በሽተኛ መሆኔን የሚያስታውሰኝ እኮ ቅርፊቱ አይደለም፤ ክኒኑ ነው። በየጠዋቱ አፌ ውስጥ ስከተው 'ታመሻል' የሚለኝ ይመስለኛል። ከበሽታው ይልቅ በእሱ ተናደድኩ።"

ለሦስተኛ ጊዜ በዳነች በሰባተኛው ሳምንት ንጋቷ የምትባል ልብስ አጣቢ ምጥ ያዛት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ባሏ እየሮጠ መጥቶ የዘርፈሽዋልን በር ደበደበ፤ ዓይነ ደካማዋ አዋላጅ ሌላ ቤት ነበረች፤ ሩቅዋን ማምጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ዘርፈሽዋል ሄደች። ደጃፉ ላይ ቆማ የተጠቀለለውን ጨርቅ ፈታች። መዳፎቿ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቀው ከስንጥቁ ደም ይወጣ ነበር። የንጋቷ እናት እጇን አይተው ማልቀስ ጀመሩ።

"እባክሽ ልጄ፣ ግቢላት" አሏት።

"አልገባም፣ እማማ" አለች ዘርፈሽዋል። "በዚህ እጅ ከነካኋት ነገ በትኩሳት ትሞትብኛለች።"

መስኮቱ ሥር ቆመች። ከንጋቷ አጠገብ ያለችው አዋልዳ የማታውቅ አክስቷ ናት። ዘርፈሽዋል በመስኮቱ በኩል እየጮኸች የሚደረገውን ነገረቻት። የሕፃኗ ጭንቅላት ወጣ፤ ትከሻዋ ግን ተያዘ። "አትሳቢ! ጉልበቷን ወደ ሆዷ እጠፊላት፣ አትሳቢ አልኩሽ!" ብላ ጮኸች። አክስትዮዋ ደነገጠች፤ ሳበች። ሕፃኗ በሕይወት ተወለደች፤ እናቷም ተረፈች። ነገር ግን የሕፃኗ ቀኝ ክንድ ተጎድቶ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ከትከሻዋ በላይ አይነሳም።

ዘርፈሽዋል ከመስኮቱ ሥር እንዳለች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቁጭ በይ ያላት አልነበረም። "እጄ እዚያው ነበር" ትላለች ይህን ስታነሳ። "አሥር እርምጃ አይሞላም። ያ ሁሉ ዓመት የተማረ እጅ፣ መስኮት ሥር ቆሞ።"

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሐኪም ስመኘው ዘንድ ሄዳ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

"እውነቱን ይንገሩኝ። ይህ መድኃኒት ያድነኛል?"

ሐኪሙ የተዘጋውን በር አዩ። "አያድንም" አሉ። "በሽታውን ያስተኛዋል። እስከወሰዱት ድረስ ይተኛል።"

"ጉበት ይጎዳል የሚሉትስ?"

"የአንዳንዱን ሰው ይጎዳል። በየሦስት ወሩ ደም ካየን ሳይጎዳ እናውቃለን። ከተጎዳም እንቀይረዋለን። ሳይታይ ዝም ብሎ መዋጥ አይቻልም፤ ሳይነግሩኝ ማቆምም አይቻልም።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?"

"ማን ጠየቀኝ?" አሉ ሐኪሙ። ከዚያ አፈሩና፣ "ፈርቼ ነው" አሉ።

እሷም ፈርታ ነበር። ግን የመስኮቱን ነገር ካየች በኋላ ፍርሃቷ ቦታ ቀይሯል። በጓሮ በር ተመዝግባ ከዚያ ቀን ጀምራ ክኒኗን ወሰደች፤ አራት ወር ሲሞላ መድረክ ላይ ወጥታ ለአራተኛ ጊዜ ዳነች፤ በማግስቱ ጠዋትም እንደ ወትሮዋ ክኒኗን ዋጠች።

መድኃኒቱ ከየት ይመጣል? አንጥረኛው ካልዋጠው፣ ዘፋኟ በሠርግና በሠርግ መካከል ካስተረፈችው ነው። ሰዎቹ የተረፋቸውን ለሐኪሙ ይመልሳሉ፤ ሐኪሙ ለእሷ ያቀብሏታል። የደም ምርመራው ይበልጥ አስቸጋሪ ነበር፤ ምክንያቱም የዳነ ሰው ደም መመርመር አይፈቀድም። ሐኪሙ ብዙ አሰቡና ደሟን በፍየል ስም መዘገቡት። በየሦስት ወሩ ዘርፈሽዋል ትመጣለች፤ ሐኪሙ መስኮቱን ከፈት አድርገው "ፍየሏ ደህና ናት" ይሏታል። እሷም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሣር እየበላች ነው" ብላ ትሄዳለች።

ቀላል ነበር አልልም። በሁለተኛው ዓመት ክረምት አንድ ቀን ጠዋት ክኒኑን እጇ ላይ አድርጋ አየችውና ወደ ጠርሙሱ መለሰችው። በቃ፣ ሰለቻት። ሰው አልነገራት፣ ነገር አልተፈጠረ። "ምናልባት ድኜ ይሆናል፣ ማን ያውቃል" አለች ለራሷ። በስድስተኛው ሳምንት አውራ ጣቷ ሥር የሳንቲም ያህል ቀይ ነገር ወጣ። ጠርሙሱን ከፈተች፣ ክኒኑን ዋጠች፣ ለሐኪሙም ሄዳ ተናገረች። ይቆጡኛል ብላ ነበር። ሐኪሙ ግን፣ "እኔ ብሆን ከስንት ጊዜ በፊት አቁሜ ነበር" አሏት። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ቢሮአችን ነገሩን የደረሰበት ባልታሰበ መንገድ ነው። ሊቀ ፍጻሜው በየዓመቱ የጓሮ በሩን መዝገብ ያገላብጣሉ። አንድ ቀን አስጠሩኝ።

"ይህች አዋላጅ ምን ሆና ነው?" አሉኝ። "ከዳነች ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አለፋት፤ በጓሮ አልመጣችም። ሞታለች እንዴ?"

"ኧረ ጌታዬ፣ ትናንት መንታ አዋልዳለች።"

"ታዲያ ለምን አልመጣችም?"

"ምናልባት… ድና ይሆናል" አልኳቸው።

"ማዳኑንማ እኔው ነኝ ያዳንኳት።"

"ማለቴ፣ የእውነቱን።"

ሊቀ ፍጻሜ አያልቅበት ወንበራቸውን ፈልገው ቀስ ብለው ተቀመጡ። "እንዲህ ያለም አለ?" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ በጥድፊያ ሆነ። ዘርፈሽዋል "የመዳን እናት" የሚል ማዕረግ እንዲሰጣት ተወሰነ። የሁለት እጆቿ ምስል በድንጋይ ተቀርጾ አደባባዩ ላይ እንዲቆም ታዘዘ፤ ጠራቢውም ሄዶ መዳፏን ለካ። የዓመቱ በዓል በሆነው በመጪው የመዳን ቀን ለሕዝብ እንድትናገር ተነገራት። እሷ "ይህ ለእኔ አይገባም" አለች፤ ትሕትናዋ ተደነቀ። "እባካችሁ ተዉኝ" አለች፤ ይህም ትሕትና ተብሎ ተጨበጨበ። አዋጅ ነጋሪው ገበያ መሐል ቆሞ፣ አንዲት ሴት ያለ አንዳች መድኃኒት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቆዳዋ ጥርት ብሎ መኖሯን ለፈፈ።

ሕዝቡ ሰማ። አራት ወራቸው ያልሞላ ሰዎች ሳይቀሩ ክኒናቸውን ወንዝ ይጥሉ ጀመር።

የመዳን ቀን አንድ ሳምንት ሲቀረው ፋናዬ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ዘርፈሽዋል ቤት መጣች። በዚያ ሙቀት አንገቷ ድረስ ተሸፋፍናለች። ገብታ ሻርፗን አውልቃ ልብሷን ገለጥ ስታደርግ ከአንገቷ እስከ ወገቧ ቆዳ የሚባል አልቀራትም፤ ቀልቶ፣ ተልጦ፣ ልብሷ ተጣብቆባት ነበር።

"እትዬ ዘርፌ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት" አለች። "አዋጁን ስሰማ መድኃኒቴን ጣልኩት። እርስዎ ያለ መድኃኒት ድነው የለ? እኔ ግን ይኸው። ምን ቢጎድለኝ ነው? እምነቴ ነው? ልቤ ቆሽሾ ነው? ይንገሩኝና ላስተካክለው።"

ዘርፈሽዋል ተነስታ ከሳጥኗ ሥር ጠርሙሱን አወጣችና ልጅቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው። ፋናዬ ጠርሙሱን አየች። ከዚያ ዘርፈሽዋልን አየች። አለቀሰች፤ ደስታ ይሁን ንዴት ዘርፈሽዋልም አላወቀችም።

"ምንም አልጎደለሽም" አለቻት በመጨረሻ። "ያጎደልኩት እኔ ነኝ፤ ዝም ብዬ።"

የመዳን ቀን ደረሰ። አደባባዩ ጢም ብሎ ሞልቷል። የድንጋዩ እጅ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። ሊቀ ፍጻሜው ንግግራቸውን ጨርሰው ወደ እኔ ሲዞሩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "የመዳን እናት፣ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል!" ብዬ ጠራሁ። ወጣች። እጆቿን ዘርግታ አሳየች፤ ሕዝቡ ጮኸ፤ እልልታው ቀለጠ። ጸጥ እስኪል ጠበቀች። ከዚያ ከመቀነቷ ሥር አንድ ክኒን አወጣች፤ በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ አፏ ውስጥ ከታ ከኮዳ ውሃ ጠጥታ ዋጠችው። የዋጠች መሰለች አልልም፤ ዋጠችው፤ በጉሮሮዋ ሲወርድ ከመድረኩ ሥር የነበሩት አይተዋል።

"ይህ የዛሬው ነው" አለች። "የትናንቱንም ወስጃለሁ። እኔ ደህና ነኝ እንጂ አልዳንኩም። እስከ ዛሬ አራት ጊዜ እዚህ ቆሜ ዋሽቻችኋለሁ።"



"ወይዘሮ ዘርፈሽዋል" አሉ ሊቀ ፍጻሜው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "በዓሉን እያበላሹብን ነው።"

"ይቅርታ፣ ጌታዬ። ትንሽ ነው የቀረኝ።" ወደ ሕዝቡ ዞረች። "አዋላጅ ከሆንኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ምጥ ቤት ከመግባቴ በፊት እጄን እታጠባለሁ፤ ስወጣም እታጠባለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን 'ታጥበሽ የምትጨርሺው መቼ ነው?' ያለኝ ሰው የለም። 'የውሃ ባሪያ ሆንሽ' ያለኝም የለም። ክኒኑንም እንደዚያ ነው የምወስደው። አንዳንድ ቀን ያስጠላኛል። ሐኪም ደሜን ያይልኛል። እጄ ግን ይኸው፤ ሥራውን ይሠራል። መድኃኒታችሁን የጣላችሁ በእኔ ምክንያት ነውና ሄዳችሁ ሐኪሙን አነጋግሩ። ይኸው ነው።"

ወርዳ ሄደች። በዚያች ሰዓት ከጎኗ ቆምኩ ብል እወድ ነበር፤ አልቆምኩም። የስም ዝርዝሩን ይዤ ቀጣዩን ስም ጠራሁ። የተጠራው ሰው አልወጣም። ሌላ ጠራሁ፤ እሱም አልወጣም። እንዲያ እያልኩ ዝርዝሩን ጨረስኩ።

ቢሮው ሦስት ቀን ተሰብስቦ ቅጣቷን ወሰነ። በመዝገባችን ላይ የሚገኙት "የታመመ" እና "የዳነ" የሚሉ ሁለት ዓምዶች ብቻ ስለሆኑ የምትገባበት ጠፋ፤ ስለዚህ ሦስተኛ ዓምድ ተሰመረ፤ ርዕሱም "ያላለቀ" ሆነ። በሯ ላይ "ያላለቀች" የሚል ሰሌዳ ተሰቀለባት። ያላለቀች አዋላጅም የማንንም ደጃፍ እንዳትሻገር ታዘዘ። ሐኪም ስመኘውም ተጠርተው፣ ፍየሏ የት እንዳለች ሲጠየቁ፣ "መድረክ ላይ አይታችኋታል" ብለው መለሱ፤ ለአንድ ወር ታገዱ። የድንጋዩ እጅ ሳይገለጥ ወደ መጋዘን ተመለሰ።

አምስት ወር ሙሉ ዘርፈሽዋልን የጠራት ሰው አልነበረም። ሰው ሰሌዳውን እየፈራ በሌላ መንገድ ይሄዳል። እሷ በየጠዋቱ ክኒኗን ትወስዳለች፤ ፋናዬ እየመጣች አብራት ትወስዳለች። "ለማንም የማይጠቅም ንጹሕ እጅ ይዤ ተቀመጥኩ" ትላለች ያን ጊዜ ስታስታውስ። "ከመስኮቱ ሥር መቆም ይሻል ነበር የምልበት ቀን ነበር።" ግን አላቆመችም። እኔን እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ መድረኩ አይደለም፤ መድረክ ላይ ብዙ ሰው ይደፍራል። እነዚያን አምስት ወራት ነው የማደንቀው፤ ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳያጨበጭብ፣ በየጠዋቱ።

በስድስተኛው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መንገዱ ላይ ግርግር ሆነ። አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው እየመጡ ነው። ቃሬዛው ላይ ያለችው ንጋቷ ናት፤ ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ምጥ ይዟታል። የቢሮው ጥበቃ ሮጦ መንገዱ ላይ ቆመ።

"ያላለቀች አዋላጅ የሰው ደጃፍ አትሻገርም!" አለ።

ንጋቷ ክርኗን ተደግፋ ቀና አለች። "እሷ መቼ ተሻገረች? የምሻገረው እኔ ነኝ" አለችው። "ምጥ የያዛት ሴት የአዋላጅ ደጃፍ አትሻገር የሚል ሕግ ካለ አንብብልኝ። ቶሎ በል ታዲያ!"

ጥበቃው እንዲህ ያለ ሕግ አያውቅም ነበር። ለመጠየቅ ወደ ቢሮው ሮጠ። እሱ እስኪመለስ ንጋቷ ወንድ ልጅ ተገላገለች። የዚህኛውም ትከሻ ተይዞ ነበር አሉ፤ በዘርፈሽዋል እጅ ግን በሰላም ወጣ፤ ሁለቱንም ክንዶቹን እያወራጨ ሲጮህ መንገድ ላይ የቆመው ሕዝብ ሰማው። የንጋቷ እናት ወጥተው እልል አሉ። ሰሌዳው በሯ ላይ መሆኑን ማንም ያስታወሰ የለም።

በዚያው ሳምንት ሌላ ቃሬዛ መጣ። በቀጣዩ ሳምንት ሦስት። ቢሮው ሕጉን ለማስተካከል ዘጠኝ ቀን ቢከራከርም፣ እርጉዝ ሴት የት ደጃፍ መግባት እንደሌለባት በጽሑፍ ለማስቀመጥ የደፈረ አልተገኘም፤ ሁሉም እቤቱ ሚስት አለችው። ወዲያው ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሰዎች በፊት ለፊቱ በር እየገቡ በሦስተኛው ዓምድ ካልተመዘገብን ይሉ ጀመር። መጀመሪያ ፋናዬ መጣች። ቀጥለው መምህሩ፤ ክኒናቸውን እኔ ፊት፣ ወደ እኔ ዞረው ዋጡት። አንጥረኛው "ልሞክረው" ብሎ ተመዘገበ። ጨርቅ ሻጩ ሽማግሌ አሁንም እንደፈሩ ናቸው፤ ነገር ግን ደሜ ይታይልኝ ብለው መጡ፤ ይህም ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነው። ዘፋኟ አልመጣችም፤ የራሷ ጉዳይ። እኔ ሠላሳ ሰባተኛ ሆኜ ስሜን ራሴ ጻፍኩ፤ አንዱን፣ እናቴ ያወጣችልኝን።

ሊቀ ፍጻሜ አያልቅበት መዝገቡን አይተው ሁለት ቀን ከቢሮ አልወጡም። በሦስተኛው ቀን መግለጫ አወጡ፦ ቢሮው ባደረገው ያላሰለሰ ጥረት ቅርፊት የማያልቅ በሽታ መሆኑ በአራት ወር ውስጥ ተረጋግጦ ያለቀ መሆኑን በደስታ እናሳውቃለን የሚል። ሐኪሙም የተከለከሉት ሦስቱ ቃላት ተመለሱላቸው። የመዳን ቀን ግን አልቀረም፤ ዛሬ መድረኩ ላይ የሚወጡት ጉንፋን የያዛቸው ናቸው፤ በየዓመቱ ሁሉም ይድናሉ።

ዘርፈሽዋል አሁን ስድሳን ተሻግራለች። አራት ሴቶች አስተምራለች፤ አንዷ ፋናዬ ናት። ባለፈው የፀደይ ወራት ደሜን ላሳይ ሐኪም ስመኘው ዘንድ ሄጄ ተራዬን ስጠብቅ እሷን ከፊቴ አገኘኋት። ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ ጉበትዎ ትንሽ አኩርፏል" አሏት። "ክፉ ነገር አይደለም፤ ግን ይህን መድኃኒት ማቆም አለብን። ሌላ አለ። ሰውነት እስኪለምደው ጥቂት ወር ይፈጃል፤ እስከዚያ እጅዎ ላይ ትንሽ ሊወጣ ይችላል።"

ፊቷ ጠቆረ። ያን ሁሉ ዓመት ታማኝ ሆና የወሰደችው ነበር። መዳፎቿን አየች። ከዚያ አንድ የማይጻፍ ስድብ ተሳደበች፤ ማንን እንደሆነ አልታወቀም፤ ሐኪሙም ለራሳቸው አልወሰዱትም። ልክ በዚህ ጊዜ አንድ ሰውዬ እያለከለከ በሩ ላይ ደረሰ፤ ሚስቱ ምጥ ይዟታል።

"ፋናዬን ጥራት፤ እኔም አጠገቧ ሆኜ አያለሁ፤ መጣሁ" አለችው ዘርፈሽዋል። ወደ ሐኪሙ ዞራ እጇን ዘረጋች። "አዲሱ ይመራል?"

"ከፊተኛው ይብሳል።"

"በሉ ውሃውን ሞላ አድርገው ይስጡኝ" አለች፤ "ሰው እየጠበቀኝ ነው።"